ሳይታይ የተሞላ የምዘና ቅጽ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በዲግሪ ተመርቄ የማስተማር ሙያ ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ስከታተል፣ ደሴ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተለማማጅ መምህር ሆኜ ተመድቤ ነበር። በየማለዳው ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የዶሮ መዝለያን ዳገት ስወጣ፣ በመጀመሪያ አማካሪዬ የሆኑት ነባር መምህር ሲያስተምሩ ከኋላ ተቀምጬ እንደምመለከት፣ ቀጥሎም እኔ ሳስተምር እሳቸው አይተው ስሕተቴን እንደሚያርሙኝ አምን ነበር። ሆኖም በሁለተኛው ቀን ጠመኔ ተሰጥቶኝ፣ መምህር ወደሌለው የ9ኛ ክፍል የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ብቻዬን ተላክሁ። በሰሌዳው ላይ የተሳሳትሁትን ቀመር ያረመችኝ ከፊት የተቀመጠች ተማሪ ናት፤ እግዜር ይስጣት። አማካሪዬ የምዘና ቅጹን በመጨረሻው ቀን፣ ሻይ እየጠጡ፣ አንድም ጊዜ ሳያዩኝ ሞሉት። ነጥቡ ከፍተኛ ነው፤ እኔ ግን አፈርሁበት። ተለማማጁ ቢያንስ 3 ክፍለ ጊዜ ሲያስተምር ሳይታይ ቅጹ እንዳይፈረም የሚመለከታቸው ክፍሎች እንዲወስኑ እጠይቃለሁ።

አንድ ተለማማጅ መምህር፣ ከኮምቦልቻ