ጃኬቱ ላይ ተቀምጬ ነበር

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ሦስት ዓመት ጠፍቶ «እንደምን ከረምሽ» ማለት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ግን ሌላ መጀመሪያ አጣሁ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። ይሄኛውን አልቀድም ብያለሁ።

እኛ ደህና ነን። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትንሹ አምስት ሞላው፣ ወሬው ግን የሃምሳ ዓመት ሰው ወሬ ነው። አባዬን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ደረጃ ሲወጡ ያቃስታሉ፤ ጀልባ ሲያዩ ሕመሙ ይረሳቸዋል። ባለቤቴ አሁንም ዓሣ ማጥመድ አይወድም። አሁንም አብሮን ይመጣል፤ መቅዘፍ የሱ ሥራ ነው።

ለምን እንደጠፋሁ ታውቂያለሽ። ያን ቀን ትንሹን ከጀልባው ውስጥ አንስተሽ «የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳይለብስ አይሄድም» ስትይ፣ ዳር ላይ የነበረው ሰው ሁሉ እኔን ያየኝ መሰለኝ። «ለልጄ ካንቺ በላይ የማስበው እኔ ነኝ» አልኩሽ። ልጁን ከእጅሽ ተቀብዬ ሄድኩ። መቀበል አይባልም፣ ነጠቅኩሽ። አንቺ እዚያው ቆመሽ ቀረሽ። ያን ቀን ምንም አልሆንንም። ሐይቁ እንደ መስታወት ረግቶ ዋለ። ምንም ስላልሆንን እኔ ልክ የነበርኩ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ስልክ ልደውል እልና ነገ እላለሁ። ነገ ሦስት ዓመት ሆነ።

አሁን የምጽፍልሽ ባለፈው ወር ውሃ ውስጥ ስለወደቅኩ ነው። አትደንግጪ፣ ይኸው እየጻፍኩ ነው። ግን ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ ባንቺ ፊት የጀመርነው ነገር የት እንደደረሰ ማወቅ አለብሽ።

ጉዞው ልማድ ሆኗል። ጎሕ ሳይቀድ እንነሳለን። ይህ የአባዬ ሕግ ነው። «ዓሣም እንደ ሰው ነው፣ ቀትር ላይ ጥላ ይፈልጋል» ይላሉ። ልማድ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ምክንያት አለው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ፀሐይ ስትከር ብዙው ዓሣ ወደ ጥልቁ ወይም ወደ ጥላው ይሸሻል። ማለዳና ማታ ብርሃኑ ሲደበዝዝ ትንንሾቹ ዳር ዳር ይላሉ፣ ትልልቆቹም እነሱን ተከትለው ይመጣሉ። እኛ ደግሞ እያዛጋን ትልልቆቹን ተከትለን እንመጣለን።

መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ትንፍሽ እንዳይሉ ተከልክለው ነበር። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሁለት ሰዓት ዝም በል ሲባል ምን እንደሚሆን ገምቺ። አንድ ቀን ትልቋ የሆነ ቦታ አንብባ መጣች። ድምፅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ከአየር ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ግን በአየር ላይ የምናወራው አብዛኛው ድምፅ የውሃው ገጽ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ዓሣን የሚያስበረግገው የጀልባው ወለል ሲደበደብ ነው። ያንን በጆሮው ብቻ አይደለም፣ በጎኑ በኩል በተዘረጋው ስሜት ተቀባይ መስመርም ያውቀዋል። ስለዚህ አዋጁ ተሻሻለ። ማውራት ይቻላል። ቆርቆሮ ወለል ላይ መጣል ግን ወንጀል ነው። አዋጁን በብዛት የሚጥሱት ራሳቸው አባዬ ናቸው፣ በምርኩዛቸው።

ትልቋ ሪከርድ ላይ ተለክፋለች። ደብተር አላት፤ የያዘችውን ሁሉ ለክታ ትጽፋለች። ጆርጅ ፔሪ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1932 ጆርጂያ ውስጥ ባስ የሚሉትን፣ ጨው በሌለው ውሃ የሚኖር ዓሣ ያዘ፣ 10 ኪሎ ከ90 ግራም ገደማ። ገበሬ ነበር፣ ጊዜውም የችግር ጊዜ ነው። ዓሣውን አስመዝኖ ቤቱ ወሰደው፣ ቤተሰቡም በላው። እ.ኤ.አ. በ2009 ማናቡ ኩሪታ የተባለ ጃፓናዊ ቢዋ ሐይቅ ላይ ከዚያ በትንሽ ግራም የሚበልጥ ያዘ። ግን በደንቡ መሠረት አሮጌውን ሪከርድ ለመስበር ቢያንስ በ57 ግራም ገደማ መብለጥ ስላለበት ሁለቱ እኩል ተባሉ። ልጄ ይህን ደንብ አልተቀበለችም። «በለጠ ማለት በለጠ ነው!» ብላ አንድ ሳምንት አኮረፈች። እኔ የገረመኝ ግን የፔሪ ቤተሰብ ነው። የዓለም ሪከርድ ድስት ውስጥ ገባ፣ ተበላ፣ አለቀ።

ትንሹ የሚይዘው ነገር የለም። እሱ የሚወደው ማየት ነው። አንድ ጠዋት ዳር ዳሩን ቀስ ብለን ስንቀዝፍ ቆሮሶ የምትባለዋን ዓሣ አየናት፣ ጫጩቶቿ እንደ ደመና ከበዋት። የጀልባው ጥላ ሲያርፍባቸው ግር ብለው አፏ ውስጥ ገቡ። ልጁ «በላቻቸው!» ብሎ ጮኸ፣ ሊያለቅስ ደረሰ። አባዬ ሳቁ። እናቲቱ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ነው የምትፈለፍለው፤ ከተፈለፈሉም በኋላ ለጥቂት ቀን አደጋ ሲመጣ እዚያው ይደበቃሉ። ከዚያ ወዲህ ትንሹ ሲፈራ አገጬ ሥር ራሱን ይወትፋል። አፌ አይበቃውም እንጂ።

አምባዛም አለ፣ ሌላው ወዳጁ። አንዱን ባልዲ ውስጥ አድርገን ስንመለስ ሞቷል ብለን ነበር። አልሞተም። ከጉንጩ ኋላ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ከውሃ ውጭም ቶሎ አይሞትም። ልጁ ባልዲው ላይ አቀርቅሮ «ያየኛል» አለ። ምን ላድርግ? መለስነው። ባለቤቴ ያን ቀን ሁለት ጊዜ ቀዘፈ።

አባዬና ትልቋ ደግሞ በእርሳስ ተጣልተዋል፤ በመጻፊያው ሳይሆን በብረቱ። አባዬ ክሩ ላይ የምትታሰረዋን የእርሳስ ፍሬ በጥርሳቸው ነው የሚጨምቋት፣ ታስታውሻለሽ። «አያቴ፣ መርዝ ነው!» አለቻቸው። «ይኸው ሰባ ዓመት» አሏት። እሷም እንግሊዝ አገር ትንንሾቹ የእርሳስ ክብደቶች እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ እንዳይሸጡ መከልከላቸውን ነገረቻቸው፤ ስዋን የሚባሉት ነጫጭ የውሃ ወፎች እየዋጧቸው ስለሚሞቱ ነበር። አባዬ ሰው ሞተ ቢባል አይበገሩም፣ ወፍ ሲባል ዝም አሉ። አሁን በፒንሳ ነው የሚጨምቁት፣ ያውም እርሳስ ያልሆነውን። የተበጣጠሰ ናይለን ክርም ውሃ ላይ አይጥሉም፤ ኪሳቸው ውስጥ ይጠቀልሉታል። ልብስ ሳጥብ የማገኘው እሱን ነው።

መንጠቆ የምናስረው አሁንም ባንቺ ቋጠሮ ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ዙር፣ ከዚያ ጫፉን በቀለበቱ አሳልፎ፣ ከማጥበቅሽ በፊት በምራቅ ማርጠብ። ደረቁን ሲስቡት ፍትጊያው እንደሚያግለውና ክሩን እንደሚያዳክመው ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ለልጄ ሳሳያት «ማን አሳየሽ?» አለችኝ። «አንድ ጓደኛዬ» አልኩ። «የት ሄደች?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ ወደዚያ ጠዋት ልምጣ።

ልጆቹ ጃኬታቸውን ለብሰዋል። አዎ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ሳይለብሱ አስወጥቻቸው አላውቅም። አኩርፌሽም ቢሆን ሰምቼሽ ነበር። የኔ ጃኬት ግን መቀመጫዬ ሆኖ ነበር። የጀልባው እንጨት ይቆረቁራል፣ ጃኬቱ ይመቻል። ደግሞስ ዋና እችላለሁ አይደል? ይህን ስጽፍ ራሱ ያሳፍረኛል።

የትልቋ ዘንግ ጎበጠ። ትልቅ ነገር ነው። ሁላችንም ወደ እሷ ጎን ዘነበልን፣ ትንሹ ሳይቀር። እኔ መረቡን ይዤ ብድግ አልኩ። ትንሽ ጀልባ ላይ መቆም አንድ ጥፋት ነው፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን መሆን ሌላ ጥፋት ነው። ሁለቱን ባንዴ አደረግናቸው። ጀልባው አዘነበለ፣ እኔ ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

ቅዝቃዜውን ልነግርሽ አልችልም። ዋና መቻሌ በዚያች ደቂቃ ምንም አልፈየደኝም። አፌ ራሱ ተከፍቶ ትንፋሽ ሳበ፤ እኔ አላዘዝኩትም። ጭንቅላቴ ከውሃ በላይ ባይሆን ኖሮ የምስበው ውሃ ነበር። በኋላ ሳነብ፣ ባለሙያዎች በጣም ለቀዘቀዘ ውሃ አንድ፣ አስር፣ አንድ የሚል አቆጣጠር አላቸው። ትንፋሽሽን ለመግዛት 1 ደቂቃ፣ እጅና እግርሽ የሚታዘዙሽ 10 ደቂቃ፣ ራስሽን እስክትስቺ 1 ሰዓት ገደማ። የኛ ሐይቅ የዚያን ያህል አይቀዘቅዝም፤ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ግን በደንብ ቀምሻታለሁ።

ባለቤቴ ወደኔ ሊመጣ ሞተሩን ሊያስነሳ እጁን ሰደደ። አባዬ እንደዚያ ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። «ሞተር እንዳትነካ! ቅዘፍ!» ውሃ ውስጥ ሰው እያለ የሞተሩ ምላጭ ምን እንደሚያደርግ እሳቸው ያውቃሉ። ትንሹ የተቀመጥኩበትን ጃኬት አንስቶ ወረወረልኝ። ማንም አላዘዘውም። ልለብሰው ሞከርኩ፤ ውሃ ውስጥ ጃኬት መልበስ የሚባል ነገር የለም፣ እመኚኝ። አንዱን እጅ ሲያስገቡ ሌላው ይሸሻል። ዝም ብዬ አቀፍኩት።

ጀልባው ሲደርስ በጎን ልወጣ ተንጠለጠልኩ። አባዬ አሁንም፦ «ከኋላ! በጎን ከወጣሽ ሁላችንንም ትገለብጪናለሽ!» ከኋላ፣ ከጠፋው ሞተር አጠገብ፣ ባለቤቴ በቀበቶዬ ጎትቶ እንደ ጆንያ ወለል ላይ ጣለኝ። ስንት ደቂቃ ፈጀ? ሦስት ይሆናል። እኔ ግን ብዙ ነገር አሰብኩበት።

ትንሹ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ፊቴን አየ። «እማዬ፣ ለምን አልለበስሽም?» አለ። ሌላ ምንም አላለም። ያንቺን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

ትልቋ? ዘንጉን አልለቀቀችም። እናቷ ውሃ ውስጥ እያለች ዘንጓን አልለቀቀችም! ዓሣውን አወጣችው፣ እጇን አርጥባ ያዘችው፣ ለካችው፣ ጻፈችው፣ መለሰችው። በደረቅ እጅ ሲይዙት ከበሽታ የሚጠብቀው ልጋግ ስለሚነሳ ነው የምታርጥበው፤ ይህንን ያስተማሯት አባዬ ናቸው እንጂ አንብባ ያገኘችው አይደለም። ደብተሩ ላይ ከርዝመቱ ጎን «እማዬ ወደቀች» ብላ ጽፋለች።

አሁን ሁላችንም እንለብሳለን፣ ዳር ላይ እያለን ጀምሮ። አባዬ እንኳ፣ እያጉረመረሙ። ለትንሹ አዲስ ገዝተናል። እኔ እንደ ሌላ ልብሱ «ሲያድግ ይሆነዋል» ብዬ ሰፊውን ላነሳ ነበር። ባለቤቴ ከለከለኝ። ትከሻው ላይ ይዘሽ ወደ ላይ ስትጎትቺው ከአገጩ ካለፈ፣ ውሃ ውስጥም እንደዚያው ያመልጠዋል። በእግሮቹ መሃል የሚታሰር ማሰሪያም አለው፤ እሱን ይጠላዋል። ሞተሩን የሚነዳውም ሰው፣ ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ እጁ ላይ ያስራል። ነጎድጓድ ከሰማን ወደ ዳር፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንመለስም።

እንዲህ ነው። አንቺን ይቅርታ ለመጠየቅ ውሃ ውስጥ መውደቅ አያስፈልገኝም ነበር፣ ግን እንደዚያ ሆነ። ይቅር በይኝ። ሰው ፊት ስላሳፈርሽኝ አልነበረም የተናደድኩት። ልክ ስለነበርሽ ነው።

ዝናቡ ሲያባራ እንወጣለን። ጀልባው ውስጥ ለአንድ ሰው ቦታ አለ፤ ባለቤቴ እኔ ዳር እቀራለሁ ብሏል፣ ደስ እያለው ነው መሰለኝ። ላንቺም ጃኬት ገዝቻለሁ፣ ቀይ ነው፣ በር ኋላ ሰቅዬዋለሁ። መጠኑን በግምት ነው የወሰድኩት። ሦስት ዓመት ስላላየሁሽ ቢጠብሽ ወይ ቢሰፋሽ አታሚኝ፤ ብቻ ጻፊልኝ፣ እቀይረዋለሁ።

ያንቺው