የመንገድ ዳር ሕንፃዎችም ቅርስ ናቸው

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፦

የአሜሪካ የሕንፃ ቅርስ ሲነሣ ስለ ዋይት ሀውስና ስለ ካፒቶል ብቻ መጻፉ ቅር ያሰኘኛል። እ.ኤ.አ. በ1926 የተሰየመው ሩት 66 የተባለው አውራ ጎዳና ከቺካጎ ወደ ሳንታ ሞኒካ ሲያመራ፣ ዳር ዳሩን የሠፈሩት ነጋዴዎች በፍጥነት የሚያልፈውን ባለመኪና ለመሳብ ሕንፃውን ራሱን ማስታወቂያ አደረጉት። በአሪዞና፣ ሆልብሩክ ከተማ በ1950 የተሠራው የዊግዋም ሞቴል ክፍሎች ሹል የኮንክሪት ድንኳኖች ሲሆኑ፣ በየደጃፋቸው አሮጌ መኪኖች ቆመዋል። (ስሙ ስሕተት ነው፤ ዊግዋም የሌሎች የአሜሪካ ቀደምት ነገዶች ጉልላታማ ጎጆ ሲሆን፣ ይህ ቅርጽ ግን የሜዳማው አገር ነገዶች ቲፒ የሚባለው ሹል ድንኳን ነው።) አዲሱ አውራ ጎዳና ከተማዋን ጥሎ ሲያልፍ ሞቴሉ በ1974 ተዘጋ፤ በ1988 ዳግም የከፈቱት የባለቤቱ ልጆች ናቸው። ሁሉም ግን እንዲህ ያሉ ወራሾች የሉትምና፣ የቀሩት ነዳጅ ማደያዎችና የኒዮን ምልክቶች ሳይፈርሱ በቅርስነት ቢመዘገቡ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከሎስ አንጀለስ