ጉዳዩ፦ በተማሪዎች የሮቦት ውድድር ላይ የተደረገውን የጥምረት ምርጫ ይመለከታል

ለውድድሩ አዘጋጅ ድርጅት
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ባዘጋጃችሁት ውድድር ከተሳተፉት ቡድኖች የአንዱ አሰልጣኝ ነኝ። የምጽፈው ስለተሸነፍን አይደለም። ሽንፈቱን ልጆቹም ተቀብለውታል። ያልተዋጠልን የጥምረት ምርጫው፣ ማለትም ካፒቴን የሆኑ ቡድኖች አብረዋቸው የሚጫወቱ አጋር ቡድኖችን የሚመርጡበት ሂደት ነው።

ከ12ቱ ቡድኖች በማጣሪያው ከ1ኛ እስከ 4ኛ የወጡት ካፒቴን ሆኑ። እያንዳንዱ ካፒቴን ከቀሩት 8 ቡድኖች 2 አጋር መረጠ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ነገር የተበላሸው ተራው ላይ ነው። የመጀመሪያውን ዙር ከ1ኛ ወደ 4ኛ አስኬዳችሁ። ሁለተኛውንም መልሳችሁ ከ1ኛ ጀመራችሁ። 1ኛው ካፒቴን 1ኛውንና 5ኛውን ምርጫ ወሰደ። ለእኛ ለ4ኛዎቹ 4ኛውና 8ኛው ደረሰን። 8ኛውን ደግሞ ምርጫ ማለት ይከብዳል፤ የተረፈውን መውሰድ ነው።

መመሪያችሁ ምርጫው ኤፍ አር ሲ በሚባለው የአሜሪካ የተማሪዎች ሮቦት ውድድር ደንብ እንደሚካሄድ ይናገራል። በዚያ ደንብ የመጀመሪያው ዙር ከ1ኛ ወደ 8ኛ ካፒቴን ከወረደ፣ ሁለተኛው ከ8ኛ ወደ 1ኛ ይመለሳል። በእኛ ውድድር ቢሠራበት ኖሮ 1ኛው ካፒቴን 1ኛውንና 8ኛውን ምርጫ፣ እኛ 4ኛውንና 5ኛውን እናገኝ ነበር። የእያንዳንዱን ካፒቴን ሁለት የምርጫ ቁጥሮች ደምሩ፤ ለሁሉም 9 ይመጣል። እናንተ ባደረጋችሁት ግን የ1ኛው ድምር 6፣ የእኛ 12 ነው። አንዷ ተማሪዬ ናት እዚያው ቁጭ ብላ ያሰላችው።

ልጆቹ ማጣሪያውን ሙሉ ደብተር ይዘው ሲመዘግቡ ነው የዋሉት። የማን ሮቦት ያለ ሪሞት በፕሮግራሙ በትክክል ይሄዳል? የማን ባትሪ ግጥሚያው ሳያልቅ ይደክማል? በደረጃ ዝቅ ያለ፣ ግን መከላከል የሚችል አንድ ቡድን ለይተው ነበር። እሱም በ5ኛው ምርጫ ሄደ።

ሌላም አለ። አንድ ቡድን የ2ኛውን ካፒቴን ግብዣ እምቢ ብሎ፣ ወዲያው የ3ኛውን ተቀበለ። በኤፍ አር ሲ ደንብ እምቢ ያለ ቡድን ሌላ ካፒቴን ሊመርጠው አይችልም። ደንቡ ባይኖር ጓደኛሞች ከጀርባ ተነጋግረው ይመጣሉ፤ ምርጫውም ለይስሙላ ይሆናል። ዳኛውን ስጠይቅ «ልጆች ናቸው፣ ምን ችግር አለው?» አለኝ። ልጆች ስለሆኑማ ነው ችግሩ!

1ኛ የወጣው ቡድን በእናንተው ማዕከል ከፍሎ የሚሠለጥን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሆን ብላችሁ አደረጋችሁት አልልም። ግን ምርጫውን የመራው የዚያው ማዕከል አሠልጣኝ ሲሆን ወላጅ ምን ይበል?

የማንም ልጅ ሜዳሊያ ይነጠቅ አልልም። የምጠይቀው የምርጫው ተራ ለምን እንደተቀየረ በጽሑፍ እንድታስረዱን፣ ለቀጣዩ ውድድር ተራውና የእምቢታው ደንብ ምዝገባ ሳይጀመር እንዲታወቅ፣ ምርጫውንም ከማዕከላችሁ ውጭ የሆነ ሰው እንዲመራው ነው። ለቀጣዩ ዙር ክፍያ የምንፈጽመው መልሳችሁን ካየን በኋላ ይሆናል።

ከሰላምታ ጋር
የቡድኑ አሰልጣኝ

ግልባጭ፦ ለቡድኑ ወላጆች ኮሚቴ