ስኳሬን ኮምፒውተሩ ነገረብኝ

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ እዚሁ ጅማ አለሁ። ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ ጥፋት ነው፤ ይቅር በለኝ። ምክንያቱን ግን ስማ።

ባለፈው ክረምት ስኳር አለብህ ተባልኩ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ለባለቤቴም ጭምር። ማታ ማታ ቤተሰቡ ሲተኛ ላፕቶፑን ከፍቼ ስለ ስኳር መለኪያ አነባለሁ፣ ዋጋ አያለሁ። አንድ ቀን እሷ የኬክ አሠራር ልታይ ብትከፍተው፣ ከኬኩ ጎን የስኳር መለኪያ ማስታወቂያ! ሌላ ገጽ ከፈተች፤ እዚያም እሱው። «ማነው ስኳር ያለበት?» አለችኝ። በርጩማዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ላብ አጠመቀኝ።

ጉዱን ያፈላው ኩኪ የሚሉት ትንሽ ፋይል ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሉ ሞንቱሊ የተባለ፣ ብራውዘር (የድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም) ይሠራ የነበረው የኔትስኬፕ ኩባንያ ባለሙያ ሲፈጥረው፣ ድረ ገጽ ደንበኛውን እንዲያስታውስ ብሎ ነበር። ይኼ ክፋት የለውም። ሂርማታ ገበያ የምታውቀው ነጋዴ «ዛሬም ቡና ነው?» ቢልህ ደስ ይልሃል። እኔን ያጋለጠኝ ግን የሦስተኛ ወገን ኩኪ ነው። ከሱቅ ሱቅ እየተከተለ ዋጋ የጠየቅክበትን ዕቃ ሁሉ የሚመዘግብ ልጅ በለው። አንተ የምታየው ባለሱቁን ነው፤ ልጁን ያሰማራው በየሱቁ ማስታወቂያ የሚለጥፈው ድርጅት ነው።

ኩኪዎቹን ላጠፋ ብራውዘሩን ከፍቼ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊትን አንድ ላይ ተጫንኩ። መጀመሪያ የአንድ ሰዓቱን ብቻ አጥፍቼ ተሸወድኩ፤ ለካ ጊዜውን «ሁሉም» ማለት ነበረብኝ። ከዚያ ሴቲንግ ገብቼ የሦስተኛ ወገኑን ዘጋሁት። አሁን የምጠቀመው ፋየርፎክስ የሚባለውን ብራውዘር ነው፤ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የየገጹን ኩኪ ለየብቻ ስለሚያስቀምጥ ያ ልጅ መዝገቡን ይዞ አይዞርም። ላፕቶፔ አሮጌ አይደል? ድረ ገጽ ላይ ቪዲዮና ጨዋታ ያጫውት የነበረው የድሮው ፕሮግራም፣ የፍላሽ ኩኪም ተገኘበት። ፍላሽ ራሱ በ2020 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ቢቀበርም፣ ኩኪው ከብራውዘሩ ውጭ ስለሚደበቅ ፎልደሩን አድኜ ነው የደመሰስኩት።

ሁሉም ሲጠፋ ኢሜይሌም «ማነህ?» አለኝ። ፓስወርዱ ከየት ይምጣ! መክፈቻ ኮዱ የተላከው ደግሞ ከተውኩት ወዲያ ዞር ብዬ ወዳላየሁት የድሮ አድራሻዬ ነው። እሱን እንደ ምንም ስከፍተው ሦስት ደብዳቤዎችህ ተደርድረው ቁጭ ብለዋል።

የመጨረሻው «ደህና ነህ ወይ?» ብቻ ይላል። ደህና ነኝ። ቡናዬን እንደ እናቴ በጨው ጀምሬያለሁ።

ያንተው ወንድምህ