ሦስት ማርች ይሰጠው

ጤና ይስጥልኝ ውድ አዘጋጅ፣

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና እየጠጣን ያው የተለመደው ክርክር ተነሳ። የሚሸነፍ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ስንት ዓመት ይታገሡታል? ወጣቶቹ ሁለት ዓመት ይበቃል አሉ። እኛ ዕድሜያችን ገፋ ያለው ደግሞ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አልን። ሳንስማማ ተለያየን። ቤት ከገባሁም በኋላ ነገሩ አልለቀቀኝም፣ ስለዚህ ለእናንተ ጻፍኩ።

የኔ መልስ ሦስት ዓመት ነው። ሦስት ሙሉ የውድድር ዘመን ይጫወት፣ ውድድሩ የሚያልቅበት ሦስተኛው ማርች ሲመጣ ቁርጡ ይነገረው። ከዚያ ማሳጠር ለአሰልጣኙ ግፍ ነው። ማስረዘም ደግሞ ለልጆቹ።

ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የነዳ ሐበሻ ሁሉ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲን ያውቃል። እኔ እዚህ ከተማ ስመጣ የቅርጫት ኳስ ቡድኑ አሰልጣኝ ጆን ቶምፕሰን ገና በሥራ ላይ ነበሩ፣ ያቺን ነጭ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው። ስማቸውን ሁሉም ያከብራል። አጀማመራቸውን ግን ብዙ ሰው ረስቶታል። በ1972 ሲረከቡት ቡድኑ በአንድ ዓመት 3 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ 23 የተሸነፈ ነበር። የመጀመሪያ ዓመታቸው 12 ለ 14 አለቀ። በሦስተኛው ዓመት፣ በ1975 መጀመሪያ ላይ፣ በተከታታይ ስድስት ጨዋታ ተሸነፉ፤ ያኔ ብሔራዊ መዝሙር እየተዘመረ ሳለ አንድ ሰው በጂሙ መስኮት አንሶላ ዘረጋ። በቆዳ ቀለማቸው የሚሰድብ፣ ይባረሩ የሚል ጽሑፍ ነበር የተጻፈበት። ዩኒቨርሲቲው አላባረራቸውም። በዚያው ዓመት ቡድኑ ከ1943 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ኤንሲኤኤ የሚባለው የኮሌጆች አገር አቀፍ ውድድር ገባ፣ በ1984 ደግሞ ዋንጫ በላ። ያን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ እሳቸው ናቸው።

የዱክ ዩኒቨርሲቲውን አሰልጣኝ ማይክ ሺሼቭስኪንም ሁሉም ያነሳዋል። በሦስት ዓመት 38 አሸንፎ 47 ተሸነፈ፣ በ1983 ማርች በቨርጂኒያ 109 ለ 66 ተመታ፣ ከዚያ አምስት ዋንጫ በላ። ሰው ይህን ሲያወራ ትዕግሥት ያፈራው ነው ይላል። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የማየው። በዚያ መጥፎ ዓመት አንደኛ ዓመት የነበሩት ልጆች፣ እነ ጆኒ ዳውኪንስ፣ ጥለውት አልሄዱም። እነዚያው ልጆች በ1986 37 ጨዋታ አሸንፈው ለፍጻሜ ቀረቡ። ታዲያ የስፖርት ዳይሬክተሩ በ1983 ማየት የነበረበት እነሱን ነው፣ የ47ቱን ሽንፈት ቁጥር ሳይሆን።

ወጣቶቹ ያ ዘመን አልፏል ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ድሮ ኮሌጅ የቀየረ ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይጫወት ይቀመጥ ነበር። ከ2021 ጀምሮ ግን ፖርታል በሚባለው የዝውውር መዝገብ ውስጥ ስሙን አስገብቶ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ማልያ መልበስ ይችላል። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ በስማቸው ገንዘብ እንዲያገኙም ተፈቀደ። ስለዚህ አንድ አሰልጣኝ በአንድ ሰመር ቡድን ሊሠራ ይችላል። ሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ምስክር ነው። አሰልጣኙ ኬኒ ፔይን በሁለት ዓመት 12 አሸንፎ 52 ተሸነፈ፣ ማርች 2024 ላይ አሰናበቱት፣ ተተኪው ፓት ኬልሲ ከሞላ ጎደል አዲስ ልጆች ሰብስቦ በመጀመሪያው ዓመት 27 አሸነፈ። እዚያ ላይ አልከራከርም፣ እንደዚያ ሲሆን ሁለት ዓመትም ይበቃል። ግን ስንቱ ነው እንደዚያ የሚወድቀው? አብዛኛው መሀል ላይ ነው የሚንገታገተው፤ ጥያቄያችን ስለነዚህ ነው።

አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ። ፓትሪክ ኢዊንግን እወደዋለሁ። በ1984 ዋንጫውን ለቶምፕሰን ያመጣው ተጫዋች እሱ ነው። በ2017 አሰልጣኝ ሆኖ ሲመለስ የቤታችን ልጅ የመጣ ያህል ነበር የተደሰትነው። በሦስት ዓመት 49 አሸንፎ 46 ተሸነፈ። ቁጥሩ ብቻ ሲታይ አይከፋም። ልጆቹ ግን እየለቀቁ ነበር። በ2019 ዲሴምበር ላይ፣ ውድድሩ ገና በግማሽ ሳይደርስ፣ ጄምስ አኪንጆና ሌሎችም ሄዱ። በቀጣዩ ሰመር ማክ መክላንግ ወደ ቴክሳስ ቴክ ሄደ፣ ያው በኋላ በኤንቢኤ የደንክ ውድድር ሦስት ጊዜ ያሸነፈው ልጅ። በኔ ሚዛን መልሱ ማርች 2020 ላይ ታውቆ ነበር።

አሁን ሰው የሚጠይቀኝን አውቃለሁ። 2021ስ? አዎ፣ በኔ ሕግ ቢሄድ ኖሮ ያንን ዋንጫ አናየውም ነበር። መጨረሻ ይወጣል የተባለ ቡድን፣ ኒውዮርክ ላይ፣ ኢዊንግ ራሱ 15 ዓመት በተጫወተበት ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ ክሬይተንን 73 ለ 48 አሸንፎ የሊጋችንን፣ የቢግ ኢስትን፣ ዋንጫ ወሰደ። ቀኑም ቶምፕሰን ከተቀጠሩ ልክ 49ኛ ዓመቱ ነበር። እሳቸው ካረፉ ገና ሰባት ወር አልሞላቸውም። ሳሎኔ ውስጥ ቆሜ አልቅሻለሁ።

ግን ያ ዋንጫ ምን አስከተለ? በቀጣዩ ዓመት በቢግ ኢስት 19 ተጫውተው 19 ተሸነፉ። እንደዚያም ሆኖ ማርች 2022 ላይ ከኢዊንግ ጋር እንቀጥላለን የሚል መግለጫ ወጣ። ሌላ 25 ሽንፈት ተጨመረና ማርች 2023 ላይ ተሰናበተ። የአራት ቀን ደስታ ሁለት ዓመት አስከፈለን።

ጃንዋሪ 24 ቀን 2023 ከልጄ ጋር ካፒታል ዋን አሬና ነበርን። ላይኛው ፎቅ ተቀምጠን የጫማው ጭረት ይሰማናል፣ ወንበሩ ያን ያህል ባዶ ነበር። ዴፖልን 81 ለ 76 አሸነፉ፣ በሊጉ 29 ተከታታይ ሽንፈት በዚያ ምሽት ቆመ። ከፊታችን የነበሩ አንድ አዛውንት ቆመው ሲያጨበጭቡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጄ "አባዬ፣ አሸነፍን እኮ!" እያለ ይጎትተኛል። እኔ ግን ታች ያሉትን ልጆች ነበር የማየው። ዕድሜያቸው አስራ ዘጠኝ፣ ሃያ ነው። ይህን ሁሉ ሽንፈት በትከሻቸው የተሸከሙት እነሱ ናቸው፣ ውሳኔውን ያዘገየው ሰው አይደለም።

በሌላ በኩል ቶሎ ቶሎ መቀየርም ልጅ ያበላሻል። ቤቴ ገብቶ አይቼዋለሁ። ልጄ ሃይስኩል በነበረበት አራት ዓመት ሦስት አሰልጣኝ ተቀያየረበት። የመጀመሪያው ክርንህን ወደ ውስጥ ሰብስበህ ወርውር አለው። ሰመሩን ሙሉ ጓሮ ውስጥ ሲለማመድ የኳሷ ንጥረት ኩሽና ድረስ ይሰማኝ ነበር። ለመደው። ሁለተኛው መጣና ይህን አወራወር ማን አስተማረህ ብሎ አስተወው፣ ቅርጫቱ ሥር ቁም አለው። ሦስተኛው ስሙን በቅጡ ሳይዝ ዓመቱ አለቀ። አሁን ጓሮ ወጥቶ ሲወረውር ሦስቱንም አየዋለሁ፣ ክርኑ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይገባል፣ መሀል ላይ ያመነታል።

ስለዚህ ሦስት ዓመት ስል በጭፍን መጠበቅ ማለቴ አይደለም። ኖቬምበር ላይ በግራ እጁ ኳስ መንዳት ያቃተው ልጅ ፌብሩዋሪ ላይ ቻለ ወይ? በስፕሪንግ ፖርታሉ ሲከፈት ስንቱ ቀረ? የቀሩት እየተመረቁ ነው? እነዚህ አዎ ከሆኑ 12 አሸንፎ 18 የተሸነፈውን አሰልጣኝ አትንኩት። አይደለም ከሆኑ የአንድ ሳምንት ዋንጫ አያታልላችሁ፣ በዚያ ሞቅታ ውል አታራዝሙለት፣ ምክንያቱም በኋላ ለማሰናበት ሚሊዮን ሲጠየቅ ማንም አይደፍርም። ተጫዋች የሚያዋርድና የሚያንገላታ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀንም አይሰጠው።

ኢዊንግን የተካው ኤድ ኩሊም የመጀመሪያ ዓመቱን 9 ለ 23 ነው የጨረሰው። በሁለተኛው 18 ለ 16 ሆነ። ያኔ የቡና ጓደኞቼ በዘጠኙ ሊያሰናብቱት ነበር።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። የኮሌጅ ውጤት ስታወጡ ከተጫዋቹ ስም ጎን በዚያ ቡድን ስንተኛ ዓመቱ እንደሆነ ጻፉልን። አንዲት ቁጥር ናት፣ ቦታ አትፈጅም።

አክባሪያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ