«ጄሪካን ተሸክማ ነው» አትበሏት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሐይቅ አካባቢ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሰሞኑን አንዲት የ22 ዓመት ልጅ ከአማቷ ጋር መጣች። የስምንት ሳምንት ጽንስ ወርዶባታል። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፤ ቀና አትልም። አማቷ «ጄሪካን አትሸከሚ ብያት ነበር» አሉ።

«እማማ፣ ቁጭ ይበሉ» ብዬ አስረዳኋቸው። እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን የማህፀንን የውስጥ ሽፋን ያወፍረዋል። ከዚያ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሌላ ሆርሞን ይረከባል፤ የሽፋኑ ሴሎች ያብጣሉ፣ ስኳርና ስብ ያጠራቅማሉ፣ እጢዎቹም ምግብ ያመነጫሉ። ጽንሱ እንቁላሉ ከወጣ ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ ይቀበራል። እንግዴ ልጁ እስኪጠና ድረስ ስንቁ በአብዛኛው ከዚያው ነው። ማሳውን አለስልሶ ዘሩን እንደሚጠብቅ ገበሬ ማለት ነው፤ ይህ ሁሉ ሲሆን እናቲቱ መፀነሷን እንኳ ላታውቅ ትችላለች።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚወርዱት ጽንሶች ግማሽ ያህሉ ገና ከመነሻው የክሮሞዞም፣ ማለትም የዘር ውርስን የሚሸከሙት የሴል ክፍሎች ችግር ያለባቸው ናቸው። በእነዚህ ችግሩ ዘሩ ነው እንጂ ማሳው አይደለም፤ ጄሪካኑም አይደለም። ለነፍሰ ጡር ውሃ ይቀዳላት፣ እሰየው! ከወረደባት በኋላ ግን ጥፋተኛ አትደረግ።

አማቷ ዝም ብለው ቆዩና እጇን ያዝ አድርገው «አብሽሪ ልጄ» አሏት። ልጅቷ ያን ጊዜ አለቀሰች።

የጤና ዓምዳችሁ ይህን ደጋግሞ ቢጽፍ እለምናለሁ።

አዋላጅ ነርስ፣ ከደቡብ ወሎ