በካሪካቸር ታሪክ ውስጥ ያጣሁት ስም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ካሪካቸር (የሰውን መልክ አጋንኖ የመሣል) ጥበብ ታሪክ ያወጣችሁትን ሰፊ ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ሆኖም የሜክሲኮው ሠዓሊ የሚጌል ኮቫሩቢያስ ስም በውስጡ አንድም ጊዜ አለመነሣቱ ስላሳዘነኝ ይህን ደብዳቤ ልጽፍላችሁ ወደድኩ።

ኮቫሩቢያስ እ.ኤ.አ. በ1904 በሜክሲኮ ሲቲ ተወልዶ፣ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ1923 ኒው ዮርክ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ቫኒቲ ፌር በተባለው መጽሔት ላይ የዘመኑን ተዋንያን፣ ደራስያንና ፖለቲከኞች ይሥል ጀመር። ከሥራዎቹ ሁሉ የማስበልጠው በ1930ዎቹ በዚሁ መጽሔት ያወጣቸውን፣ ይገናኛሉ ተብለው የማይታሰቡ ሁለት ዝነኞችን ፊት ለፊት ያስቀመጠባቸውን ተከታታይ ሥዕሎች ነው። ስታሊንን ከነዳጅ ዘይቱ ቱጃር ከጆን ሮክፌለር ጋር፣ የሥነ ልቦና ሊቁን ፍሮይድን ደግሞ ከፊልም ተዋናይዋ ከጂን ሃርሎ ጋር አጣመረ። በዝምተኛነታቸው የታወቁትን የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅን፣ ጋዜጠኛ ባየች ቁጥር ትሸሽ ከነበረችው ከፊልም ተዋናይዋ ከግሬታ ጋርቦ ጋር ማገናኘቱን ሳስብ፣ ይህ ሰው ከመልክ አልፎ ጠባይንም ይሥል እንደነበር ይገባኛል። ካሪካቸር አፍንጫ ማስረዘም ብቻ አይደለም፤ ከፊት ላይ ሊቀር የሚችለውን ሁሉ ቀንሶ፣ ቢጎድል ሰውየውን ሌላ ሰው የሚያደርገውን ብቻ ማስቀረት ነው።

መጽሔቱ በ1936 ከፋሽን መጽሔቱ ከቮግ ጋር ሲቀላቀል የኮቫሩቢያስ ልብ ወደ ባሊ ደሴትና ወደ አገሩ ጥንታዊ ሥልጣኔ አድልቶ ነበር። በዚህም ምክንያት ዛሬ ስሙ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወሳው ጥናቱ ነው፤ የካሪካቸር ሥራው ግን እንደ ወጣትነት ጨዋታ ይታለፋል።

እኔ በዚህ አልስማማም። ከጥንታዊ የሜክሲኮ ሥልጣኔዎች የኦልሜክ ሥልጣኔ ከማያ ሥልጣኔ እንደሚቀድም በ1940ዎቹ አጥብቆ ሲከራከር በርካታ የማያ ሊቃውንት አልተቀበሉትም ነበር፤ በኋላ በራዲዮካርቦን የተደረገው የዕድሜ ልኬት ግን ትክክለኛነቱን አረጋገጠለት። የኋለኞቹ ሕዝቦች የዝናም አማልክት ፊት ከኦልሜኮች የጃጓር ጭምብል ተነሥቶ በየዘመኑ እንዴት እየተለወጠ እንደመጣ በተከታታይ ሥዕል ያሳየውም እርሱ ነው። መልኩ ቢለወጥም አንድን ፊት ለይቶ ማወቅን የተማረው ከዚያው ከመጽሔት ሥራው እንደሆነ አምናለሁ።

እርሱ በ1957 ሞቷል። ጋዜጣችሁ ወደዚህ ርዕስ በሚመለስበት ጊዜ የኩሊጅንና የጋርቦን ሥዕል፣ ከሠዓሊው ስም ጋር፣ እንድታትሙልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ